በአንድ ስኒ ጨው የተሸጠው ወንድሜ

ወንድሜ ሃሩን ነቀምቴ መናኸሪያ አጠገብ፣ ጋሽ ሽብሩ ሻይ ቤት በር ላይ ሙሸበክ ይጠብሳል። ሊጡን እየጨመቀ የፈላ ዘይት ላይ ያዞረዋል፣ ቀላ ሲል ያወጣና ስኳር ሽሮፑ ውስጥ ይነክረዋል። ከሲሬ የመጣው፣ ከጉቴ የመጣው መንገደኛ ከመኪና እንደወረደ እሱ ጋ ነው የሚቆመው። ሃሩን ግን የጠበሰውን አንድም ቀን ቀምሶት አያውቅም። ሽሮፑ ልክ መምጣቱን የሚያውቀው በሰው ፊት ነው። የመጀመሪያዋን ለአንዱ ደንበኛ ይሰጥና ፊቱን ያያል። ሰውየው ዓይኑን ጨፈን ካደረገ ልክ ነው። ውሃ ከጠየቀ በዝቷል። ዝም ብሎ ካኘከ ይጨመርበታል።

ጋሽ ሽብሩ መጀመሪያ የቀጠረው ጊዜ አላመነውም ነበር። የራሱን ሙሸበክ የማይበላ ጠባሽ ምን ጨምሮበት ነው እያለ ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቡ ቆሞ ጠብቆታል። ኋላ ለመደውና ለደንበኛው ሁሉ ማውራት ጀመረ። "ይሄ ልጅ ሌባ አይደለም፣ ሱቁን ጥዬለት ብሄድ አንዲት አትጎድልም" ይላል። ሃሩን ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ የተበላ ጥርስ የለውም። አንዳንዷ ሴት ጥርሱን አይታ በምን እንደሚፍቀው ትጠይቀዋለች።

ስኳር በሽታ አለብህ እንዴ ሲሉት አዎ ይላል፣ ማስረዳቱ ስለሚታክተው። ስኳር በሽታ አይደለም። ምን እንደሆነ አሁን ሁላችንም ስላወቅን ነው ደፍሬ የምጽፈው። አምና ቢሆን ይቺን ወረቀት እናቴ ታገኛታለች ብዬ አልሞክራትም ነበር። ማንበብ ባትችልም፣ አንዱ ያነብላታል ብዬ እፈራ ነበር።

ከሥሩ ልጀምር።

አባቴና እናቴ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው፣ ሁለቱም ልጆች ሆነው፣ በየወላጆቻቸው እጅ። ጊዳ አያና ሰፍረው እዛው አደጉ፣ እዛው ተጋቡ። አባቴ ገበሬ ነው ግን ልቡ ቀፎ ላይ ነበር። ከኦሮሞዎቹ ጎረቤቶቻችን ቀፎ መስቀል ተምሮ እነሱን አለፋቸው ይባላል። ማሩን ገበያ ሲያወጣ ሰው ይሻማበት ነበር። እናቴ ሰዒዳ ግን ከዛ ማር አትቀምስም ነበር። እኔ ለገበያ እየቆጠበች ይመስለኝ ነበር።

ከኛ በፊት ሁለት ወንዶች ወልዳ ነበር። ሰይድ በስምንት ወሩ፣ እንድሪስ ዓመት ሊሞላው ሲል ሞቱ። ሁለቱም ሲወለዱ ደህና ነበሩ፣ ጡት ሲጠቡ ወፍረው ነበር። ከዛ ሳል ያዛቸው፣ ማስመለስ ያዛቸው፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ አለቁ። አባቴ ይሄን ሲያወራ ሁሌ አንድ ነገር ይል ነበር፤ ንጹህ ማር ከቀፎ አውርጄ እናታቸው በጣቷ እያቀመሰቻቸው እንኳ አልዳኑልኝም ይላል። እሱ ይሄን ሲል እናቴ ተነስታ ትወጣለች። ሐዘኑ ስለሚመለስባት ነው ብለን እንተዋታለን።

ሦስተኛው ሃሩን ነው። ሃሩን ሲወለድ እናቴ ሸጠችው።

ልጅ የማይበረክትላት ሴት የወለደችውን ለጎረቤት ትሸጣለች። የሷ ልጅ ካልሆነ ሞት ያልፈዋል ተብሎ ነው። ዋጋው የይስሙላ ነው፣ ልጁም እዛው እናቱ ጡት ላይ ነው የሚያድረው። ገዢዋ ባዩሽ ነበረች፣ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን። ባዩሽ ኦሮሞ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ አምስት ወልዳ አንድ አልሞተባትም፣ ለዛ ነው የተመረጠችው። አንድ ስኒ ጨው አምጥታ እናቴ ጭን ላይ አስቀመጠች፣ ሃሩንን ተቀበለች፣ ጉርባ ኮ ብላ ጠራችው፣ ልጄ ማለት ነው። እስከዛሬ እንደዛው ነው የምትጠራው። እሱም ሀርሜ ነው የሚላት፣ በኦሮምኛ እማዬ እንደማለት።

እናቴ ነገሩን ለወጉ ያህል ነበር ያደረገችው። ባዩሽ ግን የምሯን ያዘችው። የገዛሁት ልጅ ከጡት ሌላ ከናንተ ቤት ምንም አይቀምስም፣ የሚያቀምሰው ባለቤቱ ነው አለች። በተወለደ በሳምንቱ ቅቤ በጣቷ አላሰችው። ከፍ ሲል ገንፎውን ከቤቷ እየሠራች አጥሩን ዞራ ትመጣለች። ሳል ሲይዘው አባቴ እንደለመደው ማር አወረደ። ባዩሽ ግን ባልሸጥከው ልጅ ላይ እዘዝ፣ ይሄ የኔ ነው ብላ በቅቤ አሸችው። አባቴ ተቀይሟት ሁለት ሳምንት ሰላምታ ነስቷት እንደነበር ራሱ እየሳቀ ነግሮናል።

ሃሩን አደገ። ጣፋጭ አይወድም፣ ሸንኮራ ሲሰጡት ይጥላል፣ ማንጎ ወቅት ሁሉም ልጅ አፉ ቢጫ ሲሆን እሱ ዛፉ ስር ተቀምጦ ቆሎ ይበላል። ልጆቹ የተገዛው በጨው ስለሆነ ነው እያሉ ያበሽቁት ነበር። እኔ በሁለት ዓመቱ ተከትዬው ተወለድኩ፣ እኔን ማንም አልሸጠኝም፣ ቴምርም ማርም ቀመስኩ፣ ምንም አልሆንኩም። እንግዲህ ማን ምን ብሎ ይጠርጥር።

አባቴ ከአያና ካፈናቀለን ሁከት በፊት በራሱ ሞት ሞተ። ሁከቱ ሲመጣ ባዩሽ ቤት ሁለት ቀን ተደብቀን፣ በሦስተኛው ቀን ነቀምቴ ገባን። እኔ ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ እዛው ቀረ። ቀፎዎቹም እዛው ቀሩ። ሃሩን ሥራ ሲፈልግ ያገኘው ስኳር ነው፣ ምን ያድርግ። ኋላ ጦይባን አገባ። ጦይባ የእናቴ አጎት የልጅ ልጅ ናት፣ ሲሬ ነው ያደገችው። ባዩሽ ለሠርጉ መጥታ፣ እናንተ ሰዎች ከቤት ሳትወጡ ነው እንዴ የምትጋቡት ብላ እናቴን እስኪያስነጥሳት አስቃታለች። እኛ ጋ ይሄ ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። አምና ክረምት ሃሩንን ሳል ያዘው። የሳል ሽሮፕ ገዛ፣ ይጣፍጣል ብሎ እያማረረ፣ መድኃኒት ነው ብሎ ግን ሁለት ማንኪያ ሁለት ማንኪያ ዋጠ። በሁለተኛው ቀን ቁርስ ሳይበላ ጠዋት ደጋገመው። ረፋዱ ላይ ሥራ ላይ እንዳለ ላብ አጠመቀው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ አስመለሰው፣ ወደቀ። ዘይቱ ላይ አለመውደቁ አላህ ነው። ሰው ተሰበሰበ፣ አንዱ ስኳሩ ወርዶ ነው አለ፣ ጋሽ ሽብሩ ለስላሳ ከፍቶ አፉን ፈልቅቆ ጠርሙሱን ሙሉ አጠጣው። ለማዳን ነው፣ እኔም ብሆን እንደሱ ነበር የማደርገው። ከዛ በኋላ ጭራሽ ራሱን ሳተ። በባጃጅ ሆስፒታል ስንደርስ ሰውነቱ ይንዘፈዘፍ ነበር።

እናቴ ያን ቀን ጦይባን ይዛ ሲሬ ለቅሶ ሄዳ ነበር። ስለዚህ አጠገቡ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ነርሷ ጣቱን ወግታ ስኳሩን ለካችና ሮጠች። በክንዱ ግሉኮስ ሲገባለት ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ። ዶክተሩ ሮብሳን ይባላል፣ ወጣት ነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ሃሩን ምን እንደጠጣ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ከዛ ሃሩንን አፍህን ክፈት አለውና በስልኩ መብራት ጥርሱን አንድ በአንድ አየ።

"ሥራህ ምንድን ነው?"

"ሙሸበክ እጠብሳለሁ።"

"ትበላዋለህ?"

"ያስጠላኛል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከተወለድኩ።"

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ሸንኮራ፣ ስኳር ድንች እያለ ጠየቀው፣ ሃሩን ለሁሉም አልበላም እያለ ራሱን ነቀነቀ። ወንድም እህት አለህ አለው። እሷ አለች፣ ሁለት ሞተውብናል አለ ሃሩን። በስንት ዓመታቸው፣ ምን ሆነው፣ ምን ይበሉ ነበር ሲል ሃሩን ደክሞት ስለነበር አንቺ ንገሪው ብሎ እኔን አየኝ። እኔ አባቴ የሚለውን ነገርኩት። ሳል ይዟቸው ነበር፣ ማር ይቀምሱ ነበር አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ነው ለራሴም የተሰማኝ። ሃሩንም ሰማው። ዶክተሩ የሚጽፍበትን እስክሪብቶ አስቀመጠ።

በማግስቱ አንብቦና አስተማሪውን አዲስ አበባ ደውሎ ጠይቆ መጣ። ማርና ፍራፍሬ ውስጥ አንድ ዓይነት ጣፋጭ አለ፣ ስኳርም ውስጥ ግማሹ እሱ ነው አለን። ሰው ሁሉ ጉበቱ ውስጥ ያንን የሚያደቅበት ነገር አለው፣ ሃሩን ግን ሲፈጠር ጀምሮ የለውም። ስለዚህ ሲበላው እዛው ተጠራቅሞ ይመርዘዋል፣ የደሙንም ስኳር ቁልቁል ይጥለዋል። የደሙ ስኳር ወረደ ብለው ስኳር ሲያጠጡት ይብስበታል። በክንዱ የገባው ግሉኮስ ሌላ ነው፣ እሱን ሰውነቱ ያውቀዋል። ማረጋገጫው ምርመራ እኛ ጋ የለም፣ ናሙናው ውጭ ሀገር ነው የሚሄደው፣ እኔ ግን ከታሪክህ ብዙም አልጠራጠርም አለ። መድኃኒቱስ ምንድን ነው ስንለው አለመብላት ነው አለ። ሃሩን ሳቀ። ይሄንን ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርገው ነው የኖረው።

እዛ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ዶክተሩ በዘር ነው የሚመጣው አለ። እናትም አባትም ሳይታመሙ ይዘውት ይኖራሉ፣ ልጁ ላይ ከሁለቱም ሲገናኝ ነው የሚወጣው። ሚስትህ ዘመድህ ናት ወይ ብሎ ጠየቀው። ሃሩን አዎ አለ፣ ሰባት ወር እርጉዝ ናት አለ። ዶክተሩ፣ እሷ ይዛው ከሆነ ለልጁ እኩል በእኩል ነው፣ ካልያዘችው ምንም የለም፣ እስኪታወቅ ግን ልጁ እንዳለበት አድርጋችሁ ያዙት አለ። እናት ጡት ብቻ። ማር የለም፣ ስኳር ውሃ የለም፣ ቴምር የለም። ሲያመውም ሽሮፕ መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ለኔ ደውሉ አለና ቁጥሩን በወረቀት ጻፈልኝ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ሃሩን ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ስለልጁ የሚያስብ መስሎኝ አብሽር አልኩት።

"እማ እንዳትሰማ" አለኝ።

"ምኑን?"

"ማሩን። በገዛ ጣቷ ነው ያቀመሰቻቸው።"

እንደዛ ሆኖ ቀረ። ለእናቴ ጨጓራ ነው አልናት። ለጦይባ ብቻ ነገርናት፣ ሦስታችን ያዝነው። ግን ነገሩ ቀላል አልነበረም። እኛ ጋ ልጅ ሲወለድ በሰባተኛው ቀን በግ ይታረዳል፣ ስም ይወጣል፣ ሸሁ ቴምር አኝከው አለስልሰው የልጁን ላንቃ ይቀቡታል። ሱና ነው። ያለዛ ስም አይወጣም የሚል የለም፣ ግን እናቴ ያንን አታስቀርም። እንዳይቀባ ለምን ብትል ምን እንላታለን? ምክንያቱን ስንነግራት የሁለቱን ልጆች ሞት እንነግራታለን። ካልነገርናት ደግሞ ልጁ አፍ ውስጥ ቴምር ይገባል። ሃሩን ክብደት ቀነሰ። ሙሸበኩን እየጠበሰ የሰው ፊት ማየት እንኳ ይረሳ ነበር። ጋሽ ሽብሩ፣ ሚስትህ ስትወልድ ነው እንዴ አንተ የምታምጠው ይለዋል።

ጦይባ ሴት ወለደች። ደህና፣ ቀይ፣ ጩኸቷ ጎረቤት የሚያነቃ። እኔ ሰባቱን ቀን ከአራሷ አልጋ አጠገብ አልተነሳሁም። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ጦይባን ዓይንሽን ከልጅቷ አታንሺ እላታለሁ። በአራተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት ልጅቷ ስታለቅስ አይታ ጡቱ አልወረደላትም ብላ በስኒ ስኳር በጥብጣ በማንኪያ ይዛ መጣች። ሳላስበው እጇን መታሁት፣ ማንኪያው በረረ። ሴትየዋ ደነገጠች፣ ጦይባ ደነገጠች። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እኔን አየችኝ፣ መሬት ላይ የፈሰሰውን አየች። ጨርቅ አምጥታ ወለሉን ጠረገችና ለሴትየዋ ገንፎ አቀረበችላት።

የዛን ዕለት ከሰዓት ስልክ ደወለች። ለባዩሽ ነው። መንገዱ ክፍት ነው አሉ፣ ለሰባቱ ድረሺልኝ አለቻት። ከዛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያንን ነገር ይዘሽ ነይ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ አለች። ለሃሩን ነገርኩት። ከአያና የሚመጣ ማር ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል። በማግስቱ ደግሞ እናቴ ሃሩንን ሁለት ኪሎ ደህና ቴምር ከገበያ እንዲያመጣ ላከችው። አምጥቶ ሲያስረክባት እጁን አየሁት፣ ከላስቲኩ አልላቀቅ ብሎት ነበር።

በዋዜማው ሃሩን ለኔ ቆርጦ ነገረኝ። ሸሁ ቴምሩን ሲያነሱ እናገራለሁ፣ እማ ከሰማች ትስማ፣ የሞቱትን አልመልስም፣ ይቺን ግን አልሰጥም አለ። ከዛ ደግሞ ቆይቶ፣ እማ ትሞትብኝ ይሆን አለኝ። እኔም የምፈራው ያንኑ ነበር።

ሰባተኛው ቀን እሁድ ሆነ። በጉ ታርዶ ሥጋው እየበሰለ፣ ከአያና አብረውን የተፈናቀሉት ሸህ ይማም ፍራሹ ላይ ተቀምጠው፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ባዩሽ ከመኪና ወርዳ አቧራዋን እያራገፈች ገባች። አካም ጅርቱ፣ አካም ጅርቱ እያለች ሁሉንም ሳመች። በእጇ አፉ በቅጠል የተወተፈ ትንሽ ቅል ይዛለች። ጦይባ ቅሉን ስታይ ልጅቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። እናቴ ተነስታ ከባዩሽ ጋር ጓዳ ገባች፣ ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ይሰማል፣ ምን እንደሚሉ ግን አይለይም።

ሸሁ ዱዓቸውን አደረጉ። ስሟ ኒዕማ ተባለ። ፀጉሯ ተላጨ። ከዛ ሸሁ ከሳህኑ ላይ አንድ ቴምር መርጠው ፍሬውን አወጡና ልጅቷን ወዲህ በሉ አሉ። ሃሩን ተነሳ። "ሸሁ፣ አንዴ" አለ።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ ትከሻውን ይዛ መልሳ አስቀመጠችው።

"ሸሁ፣ አንቱ ይቅር ይበሉኝ" አለች። "ይቺ ልጅ የኛ አይደለችም። ተሽጣለች።"

ባዩሽ ከኋላዋ መጣች፣ ስኒ ሙሉ ጨው ይዛለች። ጨውን ጦይባ ጭን ላይ አስቀመጠችና ልጅቷን ከእቅፏ ተቀበለቻት። "ኢንተላ ኮ" አለቻት፣ የኔ ሴት ልጅ። ከዛ የቅሉን ቅጠል ነቀለችው። ቅቤ ነው። ጣቷን አጥቅሳ የልጅቷን ከንፈር ነካ አደረገችው፣ ኒዕማ ምላሷን አወጣች።

ሸህ ይማም ቴምሩን በእጃቸው እንደያዙ እናቴን አዩ፣ ባዩሽን አዩ። ሰይድንና እንድሪስን የቀበሩት እሳቸው ናቸው፣ ሃሩን የተሸጠ ጊዜም ነበሩ። የተሸጠ ዕቃ ላይ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ አሉና ቴምሩን ራሳቸው በሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሁለቱ ኪሎ ቴምር ለእንግዳው ታደለ፣ ለዛ ነበር የተገዛው።

ሃሩን ግን አልሳቀም። ወጥቶ ጓሮ ቆመ። እናቴ ተከተለችው፣ እኔም ተከተልኩ። እንጨት ክምሩ ላይ ተቀመጠች።

"አራት ዓመትህ ነበር" አለች። "አባትህ ቀፎ ሲቆርጥ አጠገቡ ሆነህ ማሩን ከነሰፈፉ አፍህ ከተትክ። አባትህ ዛፍ ላይ ነው፣ አላየም። እኔና ባዩሽ ነበርን። ላብህ፣ ትውከትህ፣ ዓይንህ መገልበጡ፣ ልክ እንደነሱ ሆንክ። ያኔ ገባኝ። ለባዩሽም ያኔ ገባት። አላህ አተረፈህ።"

ሃሩን ወደሷ ዞረ።

"ለአባትህ እንዴት ብዬ ልንገረው? ማሩን ያወረደው እሱ ነው፣ ያቀመስኳቸው ደግሞ እኔ፣ በጣቴ። ያ ሰው በነገርኩት ማግስት ቀፎውን ያቃጥለው ነበር፣ ራሱንም እንደዛው። ዝም አልኩ። ሳያውቅ ሞተ፣ እሰየው።"

"እኔም አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ ነው" አለ ሃሩን።

"ጨጓራ ነው ስትሉኝ አውቄያለሁ። ይቺ ደግሞ ማንኪያ ስታበር" አለችና ወደኔ ጠቆመች። ከዛ ሃሩንን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ዶክተሩ ያለህን አንድ ሳታስቀር ንገረኝ አለችው። ነገራት። ጉበቱን፣ ስኳሩን፣ ዘሩን፣ ሁሉንም። እሷ መሬት መሬቱን እያየች ሰማችው።

"እርግማን አይደለም?"

"አይደለም።"

"ከኔ ነው የመጣው?"

"ከአንቺም ከአባም። ከአንዳችሁ ብቻ ቢሆን አይወጣም።"

"ከሁለታችንም?"

"ከሁለታችሁም።"

ቤት ውስጥ ባዩሽ ለእንግዶቹ በኦሮምኛ የምታወራው ይሰማል። "ከሁለታችን ከሆነ ይሻላል" አለች እናቴ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በሷ ጣት ብቻ የሆነ ነበር የሚመስላት፣ ኋላ ነው የነገረችኝ። ከዛ ተነስታ ገባች፣ እንግዳው ገና ሳይወጣ ከመጋረጃው ጀርባ ጋደም አለችና እንቅልፍ ወሰዳት። እናቴ በቀን ስትተኛ አይቻት አላውቅም። ባዩሽ ነጠላዋን አለበሰቻት፣ ማንም እንዳይቀሰቅሳት ብላ በሩ ላይ ተቀመጠች።

ዶክተር ሮብሳንን ኒዕማን ለማስመዘን ስንሄድ ስለቅቤው ነገርነው። መቆጣቱን ተቆጣ፣ ጡት ብቻ ብዬ አልነበር ወይ አለ። ከዛ ስለ ጨው ስኒው ስንነግረው ካርዱን እየጻፈ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሃሩንን በሕፃንነቱ ያተረፈችው ባዩሽ ናት፣ ከኔ በላይ ሠርታለች፣ ሰላም በሉልኝ አለ።

ኒዕማ አሁን ስምንት ወሯ ነው፣ ሰይድ የሞተበት ዕድሜ። ክብደቷ ጥሩ ነው፣ ዓይኗ ነጭ ነው፣ ገንፎዋን በቅቤ ትበላለች። እንዳለባት ወይም እንደሌለባት ገና አናውቅም። ናሙናው ተልኮ መልሱ ሲመጣ ይታወቃል፣ ባይመጣም እንዴት እንደምትኖር እናውቃለን፣ አባቷ አለላት። ቤታችን የሚገባ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ነው የሚነገረው። እናቴ ራሷ ናት የምትናገረው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ማር ገዳይዋ ነው፣ ቴምር ገዳይዋ ነው ትላለች። ያንን ቃል ከአፏ ስሰማ መጀመሪያ እደነግጥ ነበር። አሁን ስኳር ይዞ የመጣ እንግዳ ነው የሚደነግጠው።

አንድ ያልተጨረሰ ነገር አለ። የተሸጠ ልጅ በአርባኛው ቀን በተሸጠበት ዋጋ ተመልሶ ይገዛል። እናቴ በአርባው ስኒ ጨው ይዛ ለባዩሽ ደወለች። ባዩሽ ጨው ተወዷል፣ በስኒ አልመልስም አለቻት። እናቴ ሁለት ስኒ አለች። ባዩሽ ሃሩንንስ መች መለስኩልሽ፣ ይቺ ደግሞ ወፍራለች አለች። ስድስት ወር ሙሉ በስልክ ሲከራከሩ ይኸው አልተስማሙም። ሃሩን እየሰማ ይስቃል፣ እናቴ ደግሞ ስልኩን ዘግታ፣ ይቺ ሴትዮ ልትሸጥልን አላሰበችም፣ እንግዲህ እሷ ቤት ትደግ ትላለች፣ ኒዕማን ጭኗ ላይ እያስዘለለች።